የሰይጣን ዳገትና የቬይዮ ብሎኖች

በሊኮቫራ መንደር አናት ላይ ሰው የሚኖርባቸው ሁለት ቤቶች ብቻ ቀርተዋል። አንደኛው የቬይዮ ቲርኮነን፣ ሁለተኛው የእማማ ራውሃ ፖንቲነን ነው። ወደ ሁለቱም የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ መንደርተኛው የሰይጣን ዳገት ይለዋል። በመላው ሳቮ፣ ምን ሳቮ ብቻ፣ በመላው ፊንላንድ እንዲህ ያለ ዳገት የለም። ቁራ እንኳ መሃል ላይ አርፎ ትንፋሹን ሳይሰበስብ አይወጣውም። ብስክሌቱን እየገፋ የሚወጣ ሰው ከታች ጎረምሳ ሆኖ ይጀምርና ከላይ ጢሙ ሸብቶ ይደርሳል።

የዚያን ዓመት የካቲት ደግሞ በበረዶው ላይ ዝናብ ዘነበ። ዝናቡ መሬት ነክቶ ሳይጨርስ ብርጭቆ ሆነ። ጥንቸል ከላይ ተንሸራታ ታች ስትደርስ ፍጥነቷ ስለበዛ ሐይቁን ተሻግራ ሌላ ወረዳ ገባች ተባለ። ያየ ሰው አልተገኘም፤ የተጠራጠረም የለም።

ሐሙስ ዕለት የቤት ለቤት ነርሷ ሲስተር ኒና በትንሿ መኪናዋ መጣች። ዳገቱን እስከ ግማሹ ወጣች። ከዚያ መኪናዋ ቆም አለች፣ አሰብ አደረገች፣ ከዚያም እንደ ሙሽራ መኪና በዝግታ ወደ ኋላዋ ተመልሳ ከታች የተደረደሩትን የፖስታ ሳጥኖች አጋደመቻቸው። ሲስተር ኒና ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የጥድ ቅርንጫፍ እየያዘች፣ አንዳንዴም በአራት እግሯ እየዳኸች እማማ ራውሃ ዘንድ ደረሰች።

ቬይዮ እዚያው ነበር፤ ማገዶ ታቅፎ በር ላይ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ለአሮጊቷ እንጨት ማስገባት የእሱ ሥራ ነው። ሲስተር ኒና የደም ግፊታቸውን ለካች፣ ኪኒናቸውን አየች፣ ከዚያ ጓንቷን በጭኗ ላይ አስቀምጣ በቀስታ ተናገረች።

«እማማ ራውሃ፣ ማክሰኞ ተመልሼ እመጣለሁ። መኪናዬ እዚህ ደጃፍ ከደረሰች ጥሩ። ካልደረሰች ግን አምቡላንስም አይደርስም ማለት ነው። እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም። በረዶው እስኪቀልጥ፣ እስከ ፀደይ ድረስ ከተማ፣ አረጋውያን ቤት ይገባሉ። አልጋ ይዤልዎታለሁ።»

«እስከ ፀደይ?» አሉ እማማ ራውሃ። «ጎረቤቴ ሄልቪም እስከ ፀደይ ተብላ ነው የሄደችው።»

«ታዲያ አልተመለሱም?»

«ተመልሳለች። በሳጥን።»

ሲስተር ኒና መሬት መሬት አየች። ቬይዮ ግን ዝም ማለት አልፈጠረበትም። ማገዶውን ወለሉ ላይ ዘረገፈና ደረቱን ነፋ።

«ስሚ ሲስተር! ማክሰኞ በዚህ መንገድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትወጪው! ቬይዮ ቲርኮነን ብሎኛል በይ!»

«ዓይኔን ከፍቼም አልወጣሁት» አለች ነርሷ፤ እንደ አመጣጧ በአራት እግሯ ልትወርድ ተነሳች።

እሷ ስትሄድ እማማ ራውሃ ከአልጋቸው ሥር ቡናማ ሻንጣ ጎትተው በሩ አጠገብ አቆሙት። ቬይዮም ሻንጣውን እንዳላየ ሆኖ ወጣ፤ ግን አይቶታል። በእነዚያ ቀኖች ፀሐይ ከምሳ በኋላ ትንሽ ቆይታ ትሰወራለች። ያን ጊዜ እማማ ራውሃ በመስኮታቸው መብራት ያስቀምጣሉ፤ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው። ቬይዮ ደግሞ የግቢውን አምፖል አብርቶ አጥፍቶ ይመልሳል። ከዚያ ከፍታ ላይ ሌላ የሚታይ መብራት የለም። ያ መስኮት ከጨለመ ቬይዮ ጉራውን የሚነፋው ለማን ነው? ለጥዶቹ?

አርብ ትራክተሩን አስነሳ። ሰማያዊ ነው፣ የአባቱ ነው፤ እንደ ቬይዮ አነጋገር ከሆነ ተራራ አንድ ቦታ ነቅሎ ሌላ ቦታ የሚተክል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ከታች መንገዱ ዳር ካለው የአሸዋ ክምር ጭኖ ዳገቱን ማልበስ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን እሱና ትራክተሩ በሐሳብ ተለያዩ፤ ቬይዮ መሪውን ወደ ግራ፣ ትራክተሩ አፍንጫውን ወደ ቀኝ። ሁለቱም ተያይዘው በጎናቸው እየተንሸራተቱ ከዳገቱ ግርጌ የሚኖረው ጎረቤቱ ካሌርቮ ሪሳነን ግቢ ገብተው ቆሙ። አሸዋው በብርድ ደርቆ ዓለት ሆኖ ነበር፤ ዶማ ሲመታው የእሳት ብልጭታ ይተፋል። ባዶውንም ቢሆን ልውጣ ብሎ ሞከረ፤ ጎማው እዚያው እየተሽከረከረ ዘፈነ እንጂ ክንድ አልተራመደም። የጎማ ሰንሰለቱ ካቻምና ተበጣጥሷል፤ ያን ጊዜ ቬይዮ «ሰንሰለት የፈሪ ነው» ብሎ ጥሎታል።

ካሌርቮ በረንዳው ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ካሌርቮ በሳምንት የሚናገረውን ቬይዮ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል።

«አየኸኝ?» አለ ቬይዮ ከትራክተሩ እየወረደ። «ሆን ብዬ ነው። መንሸራተቱን እየለካሁ ነበር።»

«እምም» አለ ካሌርቮ።

«ብሎን ነው የሚያስፈልገው። ጎማው ላይ የሚጠመዘዝ፣ ጫፉ ሹል የሆነ የበረዶ ብሎን። ነገ በመኪናህ ኢሳልሚ ከተማ ትወስደኛለህ።»

«ይሆናል» አለ ካሌርቮ። በሳቮ ይሄ መሐላ ነው።

የመለዋወጫ ሱቁ ሻጭ ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ እግር ሰው ነበር። በጠረጴዛው ላይ ብሎኖቹን በየርዝመታቸው ደረደረለት።

«የጎማው ጥርስ ምን ያህል ቀርቶታል?» ብሎ ጠየቀ። «ብሎኑ ጥርሱ ውስጥ ነው ማለቅ ያለበት።»

«የእኔ ጎማ? አዲስ በለው!»

«መቼ ነው የተገዛው?»

«አባቴ ነው የገዛው።»

«አባትህ አሉ?»

«የለም። እሱ እንኳ ከጎማው ቀድሞ ነው ያረጀው።»

ሻጩ አጭሩን ብሎን ወደ ፊት ገፋ አደረገለት። ቬይዮ አጭሩን በሁለት ጣቱ አንስቶ ጆሮው ውስጥ የሚከተው ይመስል አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው። ከመጨረሻው ሳጥን የከርከሮ ጥርስ የሚያህለውን አነሳ።

«ይሄ ነው ብሎን! ያኛውን ለልጆች ብስክሌት ሽጥላቸው።»

ካሌርቮ ረጅሙን ብሎን ተቀብሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። አፉን ከፈተ። ቬይዮ ጠበቀው።

«ረጅም ነው» አለ ካሌርቮ።

«ረጅም ነው!» አለ ቬይዮ በኩራት።

«እምም።»

ካሌርቮ ሌላ የሚለው ነበረው፤ ከግንባሩ ያስታውቅ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር ሰው በሰው ሚስት፣ በሰው ሳውናና በሰው ትራክተር አይገባም። የራስህን ጎማ ታውቀዋለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ጢም ከመጎተት አይተናነስም። ስለዚህ ካሌርቮ አፉን ገጠመ፤ እስከ መንደራቸውም አልከፈተውም።

እሁድ መንደሩ ድሪል አያሰማም። ሰኞ ግን በካሌርቮ ግቢ ደቦ ተጠራ። አገር ምድሩ ወጣ። መዓት ሰው ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ሳይቀር በእግር በሚገፋ ሸርተቴ እየተንሸራተተ የመጣ አለ። እነ ካሌርቮ ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያቸውን፣ ገና በማለዳ ለኩሰውታል፤ በትልቁ ድስት የአተር ሾርባ ይንተከተካል። ድሪሉ ካንዱ እጅ ወደ ሌላው ይዞራል። አንዱ ብሎን ያቀብላል፣ አንዱ ይጠመዝዛል፣ የቀሩት በስተኋላ ቆመው እንዴት መጠምዘዝ እንዳለበት በዝምታ ያውቃሉ።

ቬይዮ ጎማው ላይ ተደግፎ ያዝዛል።

«ጠበቅ አርገው! እስኪያቃስት ድረስ!»

«ማን ያቃስት፣ ጎማው ወይስ እኔ?» አለች የወተት ላሞች ያሏት ትከሻ ሰፊዋ ሴት ሲልያ፤ በጉልበቷ ተንበርክካ ድሪሉን ደረቷ ላይ አስደግፋለች።

«አንቺ ካቃሰትሽ ሳውና አለ።»

«ቬይዮ፣ ጥርስ ካለቀበት ጎማ ላይ ጥርስ መትከል ጀመርክ ማለት ነው። ሲሳካልህ የእኔንም አፍ ታይልኛለህ» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ሳቁ ከጥዶቹ ላይ በረዶ አራገፈ።

ካሌርቮም ተንበርክኮ ይጠመዝዝ ነበር። ከሰው ሁሉ ይልቅ ቀስ እያለ፣ አንድ ብሎን ባስገባ ቁጥር ጆሮውን ወደ ጎማው ዘንበል እያደረገ። ቬይዮ አየውና «ጎማ አያወራም ካሌርቮ፣ አንተ ነህ የማታወራው» አለው። ካሌርቮ ፈገግ ብሎ ቀና አለ፣ አጎነበሰ፣ ቀጠለ።

ሾርባው ተበልቶ ሲያልቅ ትራክተሩ አውሬ መስሏል። ከኋላ ጎማዎቹ የወጡት ሹሎች በዝቅተኛዋ ፀሐይ ያብረቀርቃሉ። ቬይዮ ኮርቻው ላይ ወጣ፤ ሞተሩን ሲያስነሳው በሦስት ወረዳ ያሉ ውሾች ጮኹ።

ትራክተሩም ወጣ! ዝንብ ግድግዳ ላይ እንደሚወጣ ወጣ። ብሎኖቹ በረዶውን ክርት፣ ክርት፣ ክርት እያደረጉ ነከሱት። ሕዝቡ ከታች አጨበጨበ፤ በሊኮቫራ ደግሞ ሰው ያጨበጨበው ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነቱ ያለቀ ዕለት ነው። አሁን አስተዋይ ሰው ቢሆን አንዴ ወጥቶ ያበቃ ነበር። ቬይዮ ግን ጭብጨባ ቀምሶ የሚያቆም ሰው አይደለም። ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ከዚያ ወደ ኋላው ወጣ። ከዚያ መሪውን ለቅቆ ባርኔጣውን እያውለበለበ ወጣ። ከዚያ መሃል ላይ ቆሞ፣ እንደማይንሸራተት ለማሳየት፣ ሲጋራ ለኩሶ እስከ ግማሹ አጨሰ። ሰዎቹ ብርድ ገብቷቸው አንድ በአንድ ወደ ሳውናው ሲገቡም እሱ ይወጣ ይወርድ ነበር። የጎማው ዱካ እርጥብ እርጥብ ማለቱን ልብ ያለው የለም፤ ቀኑ ዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል።

በመጨረሻ እማማ ራውሃ ደጃፍ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። አሮጊቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩት። እጁን ሊያውለበልብ ሲል ትራክተሩ በቀኝ በኩል ፍስስ ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ በግራ በኩል ተከተለ። ቬይዮ ኮርቻው ላይ እንዳለ ዝቅ፣ ዝቅ አለ፤ በመስኮቱ ለሚያዩት ሰው ቀስ እያለ የሚሰጥም መርከበኛ ይመስል ነበር።

ካሌርቮ በእግሩ ደረሰ። ብሎኖቹ የነደሉትን በረዶ እየረገጠ፣ በዱካው ዳር ዳር ነበር የወጣው። ጎማው ሥር ተንበርክኮ ጣቱን ፈሳሹ ውስጥ ነከረና ላሰው። ፊቱን አጨማደደ።

«የአባትህ ጨው» አለ።

«የምን ጨው?»

ካሌርቮ ተነሳ። ቬይዮ ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶት የማያውቀውን ያህል ብዙ ቃል ከካሌርቮ አፍ ወጣ። «አባትህና እኔ ነን የሞላነው። ጎማው እንዲከብድ፣ መሬት እንዲቆነጥጥ። ተራ ውሃ በብርድ ይረጋል፤ ስለዚህ ያን መራራ ጨው በጠበጥንበት፣ በበጋ ለአቧራ መንገድ ላይ የሚበተነውን። ብሎኑ ረጅም ነው። ጥርሱን አልፎ የውስጡን ጎማ ወግቶታል። ቆሞ ሳለ ይዞት ነበር፤ ስትሄድበት ተፋው።»

ቬይዮ የብሎኑን ሹል በጣቱ ነካ። «ታውቅ ነበር?» አለ።

«አውቅ ነበር።»

«ሱቁ ውስጥ?»

«ሱቁ ውስጥ።»

«ታዲያ ምነው አትነግረኝም፣ አንተ ድንጋይ!»

«ረጅም ነው አልኩህ እኮ» አለ ካሌርቮ፤ ከልቡ ተከፍቶ።

ቬይዮ ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን እንደ ጎማው ሆነ። ሻጩም ነግሮታል፣ ካሌርቮም በራሱ ቋንቋ ነግሮታል። ካሌርቮ የጎሚስታ መሣሪያውን ይዞ ለመምጣት ቃል ገብቶ ወረደ፤ ግን ሁለቱም ያውቁታል፣ ለነገ ጠዋት አይደርስም።

እማማ ራውሃ በሩን ከፈቱ። «ግባ። ጆሮህ ሊረግፍ ነው።»

ገባና ሻንጣው አጠገብ ተቀመጠ። እሳቸው ዓሣ ውስጡ የተጋገረበት ጥቁር ዳቦ ቆርሰው ፊቱ አኖሩ። ቬይዮ ቁራሹን አገላበጠው እንጂ አልበላም።

«እማማ፣ አበላሸሁት።»

«አይቻለሁ። ወንበሬን አዙሬ ነው ያየሁት፤ እንዲህ ያለ ትርኢት ባሌ ከሞተ ወዲህ አላየሁም።»

«ነገ ሲስተር ኒና ትመጣለች።»

«ትምጣ። ዕቃዬን ሸክፌአለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ በሸርተቴ ስታወርደኝ እንዳትጮህ። መንደሩ እየሰማ መውረድ አልፈልግም።»

«አልጮህም።»

«ኧረ ተው! አንተ?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን አጭር ነበር። ቬይዮ ጨለማውን ተሻግሮ ቤቱ ሲደርስ መስኮታቸው ላይ መብራቱ በራ። አምፖሉን አብርቶ አጠፋ። ከዚያ ደግሞ አበራ። ሳያጠፋው ተኛ።

ማክሰኞ ጠዋት ሸርተቴውን በበግ ቆዳ ሸፍኖ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ እየወደቀ እየተነሳ በጓሮው በኩል መጣ። እማማ ራውሃ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን ደፍተው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምድጃቸው ጠፍቷል። ያ ምድጃ በብርድ ወራት ጠፍቶ አያውቅም። ሁለቱም ጠበቁ።

ያን ጊዜ የሞተር ድምፅ ሰሙ።

ድምፁ ከታች መጣ፣ ዳገቱ ግማሽ ላይ ደረሰ። ቬይዮ ትንፋሹን ያዘ፤ እዚያች ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። አልቆመም። እየጎላ፣ እየጎላ መጥቶ ደጃፉ ላይ ጠፋ። የመኪና በር ተዘጋ። ሲስተር ኒና ቦርሳዋን በእጇ እንደያዘች፣ ፀጉሯ እንኳ ሳይበላሽ ገባች።

«እንደምን አደራችሁ? ምነው፣ ልቅሶ ቤት አስመሰላችሁት?»

ቬይዮ ገፍቷት ወጣ። የሰይጣን ዳገት ከላይ እስከ ታች እንደ ብርጭቆ ያብለጨልጫል። መሃሉ ላይ ግን ከደጃፉ ተነስተው እስከ ካሌርቮ ግቢ የሚወርዱ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉ፤ የሰው ወገብ የሚያህል ስፋት ያላቸው፣ በረዶው ተበልቶ ጠጠሩ የወጣባቸው። ጨው በረዶ ያቀልጣል፤ ከጎማው የፈሰሰው ጨዋማ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላው አድሯል። ያ ሁሉ መውጣት መውረድ፣ ያ ወደ ኋላ መውጣት፣ ያ በባርኔጣ ማውለብለብ፣ አንዱም አልባከነም። መሃል ላይ፣ ቆሞ ሲጋራ ያጨሰበት ቦታ፣ መሬቱ እንደ ምጣድ ደርቋል።

በአንደኛው መስመር ላይ ካሌርቮ ጎማ መፍቻውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ሳይንሸራተት፣ ረጋ ብሎ ይወጣል። በሌላ እጁ ትንሽ ሳጥን ይዟል።

ቬይዮ ሲመለስ ደረቱ በሩን ሞልቶት ነበር።

«ምን ብዬሽ ነበር ሲስተር? ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትወጪው አላልኩም? ጨውን በብሎን እያንጠባጠቡ መንገድ መጥረግ፣ ይሄ የራሴ ፈጠራ ነው! ዓመታት አስቤበታለሁ!»

«በጣም ጥሩ መንገድ ነው» አለች ሲስተር ኒና፤ የእማማ ራውሃን እጅጌ እየሰበሰበች። «ግን እስከ ፀደይ እንዲህ ይቆያል?»

ቬይዮ አፉን ከፈተ። በሩ ላይ የደረሰው ካሌርቮ ቀደመው።

«ይቆያል» አለ። ይሆናል አላለም። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ አጫጭር ብሎኖች ነበሩ፤ ሱቁ ሲከፈት ደርሶ ነው ያመጣቸው። «የውስጡን ጎማ ዛሬ እንለጥፈዋለን። ከዚያ ትራክተሩ በጨው የላላ አሸዋ ያወጣል። እነዚህ ጥርሱን አያልፉም።» ወደ ቬይዮ ዞረ። «አጭር ናቸው» አለው፤ ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ፣ ነገ ማንም አልነገረኝም እንዳይለው።

«አያለሁ» አለ ቬይዮ። «አጭር ጥሩ ነው።»

ሲስተር ኒና የግፊት መለኪያውን አየች። «ትንሽ ከፍ ብሏል። ምን ሆነው ነው?»

«ከትናንት ጀምሮ ስስቅ» አሉ እማማ ራውሃ።

ነርሷም ሳቀች። የከተማውን አልጋ ለሌላ ሰው እንደምትለቀው፣ እሷም በየሐሙሱ እንደምትመጣ ተናገረች። ስትወጣ መኪናዋ ሁለቱን ጥቁር መስመሮች ይዛ እንደ ባቡር ወረደች፤ የፖስታ ሳጥኖቹን እንኳ ዘወር ብላ አለፈቻቸው።

እማማ ራውሃ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። ሻንጣውን ከፍተው የሱፍ ካልሲዎቻቸውን ወደ መሳቢያው፣ የባላቸውን ፎቶ ወደ ግድግዳው መለሱ። ባዶውን ሻንጣ ለቬይዮ አቀበሉት።

«ይሄን ጣሪያ ሥር አውጣልኝ። ወደ ውስጥ አግባው፣ እጄ የማይደርስበት። ደግሞ ማገዶ አምጣ፤ ምድጃዬ ቀዝቅዟል።»

«ጫካውን ነቅዬ አመጣለሁ!» አለ ቬይዮ መሰላሉን እየወጣ።

«አንድ እቅፍ ይበቃኛል» አሉ እማማ ራውሃ፤ ክብሪቱንም መፈለግ ጀመሩ።